ፍሎስን ሥጋ የማስለመድ ጣጣ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ዝናብ። ልብስ አጥቤ ኩሽና ውስጥ ሰቀልኩ። ከዚያ ፍሎስን ለምርመራ ወሰድኳት። አውቶቡስ ውስጥ አንዷ ቅርጫቱን አጮልቃ አይታ አይጥ ነው ወይ አለችኝ። ፌሬት ናት፣ እንደ ሙጭልጭላ ያለች፣ ጥንቸል ከጉድጓድ የምታስወጣ ናት አልኳት። ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። እሰይ።

የቀዶ ጥገናው ቁስሏ ድኗል። ሐኪሟ ግን ያንኑ ደገመችው። ከፊኛዋ የወጣው ጠጠር የመጣው ከከረጢቱ ደረቅ ምግብ ነው፣ እህል ይበዛበታል። ከእንግዲህ ጥሬ ሥጋ ከነአጥንቱ። ጠጠሩ ከተመለሰ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አትችልም። ትሞታለች ማለቷ ነው... በጨዋ አፍ።

የቀዘቀዘ ሥጋም እዚያው ይሸጣሉ። እንዴት ተገጣጠመ? ከነሱ አልገዛሁም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

አትበላም። ከነአጥንቱ ያስፈጨሁላትን ዶሮ አሸተተችው፣ በአፍንጫዋ ገፋችው፣ ሄዳ ተኛች። ፌሬት በልጅነቱ ሳህኑ ላይ ያላየውን ነገር ምግብ መሆኑን አያውቅም ብላኛለች ሐኪሟ። ስለዚህ ከደረቁ ጋር እየቀላቀሉ፣ ደረቁን ቀስ በቀስ መቀነስ። እሺ። ደረቁን እየለቀመች ሥጋውን ትተወዋለች። በጣቴ ድዷ ላይ ቀባሁላት። ነከሰችኝ።

ወንድሜ ኩትበርት ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ አባባ ፌሬቶቹን በዳቦና በወተት ነው ያሳደጋቸው፣ አንድም አልሞተበትም አለ። ውሸት። በየክረምቱ ስንቀብር ነው ያደግነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ከሰል ቆፍሮ ሳንባውን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትቶት ወጣ። ምክር ግን አላነሰውም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

በኩሽናው ሚዛን 710 ግራም። ባለፈው ሳምንት 760 ነበረች። ጀርባዋን ስዳብሳት አጥንቷ ይቆጠራል። ከዛሬ ጀምሮ ደረቁን ጨርሼ አቆምኩ። ልክ ነኝ? በረሃብ ብገድላትስ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

725። ሳህኑ አልተነካም። ለሁለተኛ ጊዜ መዘንኳት። 725።

አየር በልታ ነው የወፈረችው? በዚህ ቤት የምንኖረው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ።

ከረጢቱን አየሁት። በእርሳስ ምልክት ያደረግኩበት ላይ ነው፣ አልጎደለም። ስለዚህ ሌላ ገዝቷል። የት ደበቀው?

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ኩትበርት ገላውን ሲታጠብ ኮቱን አሸተትኩ። የጭቃ ሽታ አለው። የደረቁ ምግብ ሽታ የለበትም። እጅጌው ላይ ግን ግራጫ ፀጉር... አጭር፣ ለስላሳ። የድመት? ድመት ደግሞ ከየት መጣ?

ጠዋት ጠዋት ፍሎስን በሸሚዙ ውስጥ ከትቶ አየር ላስቀብላት ብሎ ወደ አትክልት ቦታው ይሄዳል። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ጎመን ይዞ ይመለሳል። ለአንድ ጎመን ሦስት ሰዓት? የአትክልት ቦታውን እቃ ቤት ቁልፍ ከሰቀለበት አንስቼ ሄጄ ፈተሽኩ። ማሰሮ፣ ገመድ፣ የሞተ ሸረሪት። ከረጢት የለም። ብልጥ ሆኗል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ምንም አላበላኋት አለ። ክብደቷ ጨምሯል አልኩት። ታዲያ ደስ አይልሽም? አለኝ። ከረጢቱን የት እንደደበቀው ስጠይቀው እስኪያስለው ሳቀ።

«እቱ፣ አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ ይሄ መንደር ሰው አይቀርበትም ነበር።»

«ብትሞት በአንተ አንገት ነው» አልኩት። «በእጅህ እየገደልካት ነው።»

ሳቁን አቆመ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። አላሳዘነኝም። ትንሽ አሳዘነኝ። ቢያሳዝነኝስ? እኔ ነኝ ፍሎስን ሐኪም ጋ ሳመላልስ የከረምኩት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

748። ኩሷ ጠቁሯል፣ ጠንከር ብሏል፣ እህል የሚባል የለበትም። ለሐኪሟ ደወልኩ። ሥጋ የምትበላ ፌሬት ኩስ እንደዚያ ነው፣ በርቺ አለችኝ። በምን ልበርታ? የእኔን ሥጋ እኮ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምጥለው! የማን ሥጋ ነው የምትበላው? አሁን ሐኪሟንም መጠርጠር ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

ዛሬ ተከተልኩት። ቆጥቤ አልጽፍም፣ ሁሉንም ልጻፈው።

የአትክልት ቦታውን በር አልፎት ሄደ። ዘወር ብሎም አላየው። በየአሥር እርምጃው እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ ከድሮው የከሰል ጉድጓድ የወጣው አፈር ወደተቆለለበት፣ አሁን ሣር ወደለበሰው ኮረብታ ወጣ። እኔ ከአጥሩ ኋላ። ለአፍታ ተሰወረብኝ። ስደርስ እርጥቡ ሣር ላይ በሆዱ ተደፍቷል፣ ጉንጩ መሬት ላይ። ሞተ አልኩ። እየጮህኩ ሮጥኩ።

እጁን አንስቶ ዝም በይ አለኝ። ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ እያዳመጠ ነው። ፍሎስን። ከሥሩ፣ የጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ናት።

ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ የዘረጋው መረብ ዘለለ። ግራጫ ጥንቸል። አንገቷን ቀጭ አደረጋት፣ በቢላዋ ከፈታት፣ ጉበቷን ትኩሱን መዳፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ፍሎስ ወጣች። ከእጁ በላች። ቀጥሎ እግሯን ሰጣት፣ ከነፀጉሩ። አጥንቱ ሲሰበር እሰማ ነበር። እኔ ሦስት ሳምንት የለመንኳት ፍሎስ...

«ሳህን ላይ ያለውን ምን ታርገው?» አለኝ። «ለሷ ሥጋ ደሞዝ ነው። ስታድን ሁሌም ጉበቱን ነው የምሰጣት። ሠርታ ካላገኘችው ሥጋ መሆኑም አይገባትም።»

ለምን አልነገርከኝም? አልኩት።

«ትከለክይኛለሻ።»

እከለክለው ነበር። ባለፈው ፌብሩዋሪ ኦክስጅን አፉ ላይ እንደተደረገ ነው ያስማልኩት፤ እርጥብ ሣር ላይ ዳግመኛ ላይተኛ። ለፌሬት ሲል መሐላውን አፈረሰ፣ ስድቤንም ችሎ ዝም አለ።

መነሳት አቃተው። በብብቱ ገብቼ አነሳሁት። ሩብ ሰዓት የሚወስደውን መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድን። ደረቱ ያፏጫል። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ንፋስ ነው አልኩት። ይቅርታ አላልኩም። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

አልጋ ላይ ነው። ዶክተሩ ደረቱን ሰምቶ መድኃኒት ጻፈለት። በበሩ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሆስፒታል አልሄድም ካለ አታስገድጂው አለኝ። ምን ማለት ነው? ገብቶኛል ምን ማለት እንደሆነ።

ፍሎስ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። ከሥጋ ቤት የገዛሁትን ጥንቸል እንኳ ረገጠችው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ብቻዬን ወጣሁ። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ላይ። መረቡን አልጋው ላይ ሆኖ በጣቱ እያሳየ አስተማረኝ፤ የትኛው ጉድጓድ ላይ፣ ነፋሱን በየት በኩል አድርጌ እንደምዘረጋው። በሆዴ ተኛሁ፣ ጆሮዬን ለጠፍኩ። በመጀመሪያ ምንም። ከዚያ ከሥር ድብ ድብ ድብ... ልቤ መስሎኝ ነበር።

መረቡ ውስጥ የገባውን ጥንቸል አንገት መስበር ሁለቴ አቃተኝ። በሦስተኛው ሆነ። ጉበቱን ይዤ ጠበቅኩ። ፍሎስ ወጣች። እጄን አሸተተች፣ አየችኝ፣ በላች። አልነከሰችኝም።

ቤት ስደርስ በትራስ ተደግፎ በሩን ያያል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእጅሽ በላች? አዎ አልኩት። 

«እንግዲያው እኔ ባልኖርም ትበላለች።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። በመጨረሻ ወጣልኝ። እጁን አወናጨፈ፣ ዝንብ እንደሚያባርር። እኔም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሻልሃል፣ አብረን እንወጣለን፣ ወንበር ይዤልህ ከላይ ሆነህ ታዘኛለህ አልኩት። ዶክተሩ ያለኝን እያወቅኩ። በሕይወቴ ሰው ሁሉ ዋሸኝ ስል ኖሬ ዛሬ ዋሾዋ እኔ ነኝ። ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ፣ ልክ እኔ እሱን ስጠረጥረው እንደማየው።

«የሚታጠፈውን ወንበር ያዢ» አለኝ። «እሱ ይቀልሻል።»