በብረት ሣጥን ስለታሰረችው የሳሪት መርፌ

ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር፣ ቁስቋም

ለሰማያዊ ሞገድ የሐይቅ ሽርሽር ማኅበር ክቡር ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ትንፋሽዎ እንደ ልብ ይወጣል ይገባል? ከንፈርዎ በልኩ ነው? ጉሮሮዎስ ምራቅ ያሳልፋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲህ ዘርዝሬ መጠየቄ እንግዳ አይሁንብዎ፤ ጥር 14 ቀን በመርከብዎ ከተሳፈርሁ ወዲህ ሰውን በደፈናው እንደምን ሰነበትህ ማለት ትቻለሁ።

ስሜ ሸዋአየሁ ገብረ ኪዳን ይባላል። በቅዳሜ ገበያ ሰሊጥና ኑግ ስነግድ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል፤ የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ስላለኝም ከዚህ በታች የሚያነቧቸው ሰዓቶች ከራሴ ሳይሆን ከደብተሬ የወጡ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የላኩልኝን ደብዳቤ በአክብሮት ተቀብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ደብዳቤዎ አንዲት ተሳፋሪ «በሐይቅ ንፋስ ምክንያት» ድንገት እንደታመመች፣ እኔም ያለ ፈቃድ የማኅበሩን ቁልፍ እንደሰበርሁ ይገልጽና፣ ሁለታችን ይህን አምነን እስክንፈርም ድረስ አንዲት የመርፌ ብዕር በኤግዚቢትነት ተይዛ እንደምትቆይ ያስታውቃል። የሐይቁ ንፋስ መልስ የሚሰጥበት አድራሻ ስለሌለው፣ ስለ እሱ ሆኜ እኔ ልመልስ።

ተሳፋሪዋ ሳሪት ትባላለች። እናቷ ጥሩ የምትባል ስትሆን ከጎንደር ወጣ ባለች መንደር ሸክላ ትሠራ ነበር፤ የእኔ እናት ከጥሩ በቀር ከሌላ ሰው ድስት ገዝታ አታውቅም። ቤተሰቡ ወደ እስራኤል ሲሄድ ሳሪት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ የሒሳብ መምህርት ሆና፣ እናቷ ስታወራላት የኖረችውን ሐይቅና የተወለደችበትን መንደር ልታይ መጥታለች። ሰሊጥ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት የመርፌ ብዕሮች ከቦርሳዋ አይለዩም፤ ብዕር ይመስላሉ፣ መድኃኒቱ በውስጣቸው ተሞልቷል፣ ጭን ላይ ሲጫኗቸው ራሳቸው ይወጋሉ፣ ሐኪም ቤት እስኪደረስም ነፍስ ያቆያሉ። እንግዳዬ ሆና ሳለ እኔ ቤት ያላረፈችውም በዚሁ በሰሊጤ ምክንያት ነው። ያለችው ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ፣ እህቴ ይመኙሽ ዘንድ ነው፤ እኔም ልጠይቃት የምሄደው ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ነው። በመጣች ማግስት የብዕሩን አጠቃቀም አሳየችኝ፤ እኔም እንዳልረሳው በደብተሬ ጻፍሁት። ሰማያዊው ክዳን ይነቀላል። ብርቱካናማው ጫፍ ጭን ላይ በኃይል ይጫናል። እስከ ሦስት ይቆጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፍተሻችሁ ጥብቅነት አመሰግናለሁ። ጎርጎራ ወደብ ላይ ጥበቃው አያ ቢሻው ሁለቱን ብዕሮች አግኝተው ስለታማ ነገር ናቸው አሉ። ሳሪት የሐኪሟን ደብዳቤ አወጣች። አያ ቢሻው ፊትና ጀርባውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ክብ ማኅተም እንደሌለው አስታወቁን። ፊርማ አለው ብንል፣ ፊርማማ ማንም ይፈርማል አሉ። በዚህ ነጥብ ላይ አልከራከራቸውም፤ እኔም ብሆን ክብ ማኅተም የሌለውን ወረቀት ከወረቀት አልቆጥርም። ብዕሮቹ ከአምስት ቢላዋና ከአንድ መቀስ ጋር መርከቧ ላይ ባለ የብረት ሣጥን ተቆለፈባቸው። ከኋላችን የነበሩት ዲያቆን ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ጃንጥላቸውን ይዘው በሰላም አለፉ፤ ዝናብ ቢመጣ ሁላችንም ተጠቃሚ እንደምንሆን አምናለሁ።

2ኛ. ስለ ምግብ ቅጻችሁ አመሰግናለሁ። ቅጹ ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉት፦ ፍስክና ጾም። ሳሪት ለቲኬት ቆራጩ ሰሊጥ እንደማትበላ፣ ሰሊጥ ከሌለበት ግን ሥጋም ሆነ ዓሣ እንደማትጠላ ነገረችው። ወጣቱ እጅግ ትሁት ነው። ትንሽ አሰበና፣ አንድ ነገር የማይበላ ሰው ጾመኛ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል በማለት «ጾም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። መርከቡ ሙሉ ሰው ቅቅልና ጥብስ ሲታደል በእንግድነት የመጣችው አይሁዳዊት ብቻዋን ጾመች። ክቡርነትዎ የወጥ ቤት ነገር ባያውቁ አይፈረድብዎትምና ላስረዳ፦ ቅቤና ሥጋ ሲወጣ ወጡን የሚያጣፍጠው ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግና ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ የማትበላውን ሴት ከሰሊጥ ልታርቋት ብላችሁ ወደ ሰሊጡ ቤት መራችኋት ማለት ነው።

3ኛ. ስለ አስተናጋጃችሁ መልካም አንደበት አመሰግናለሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነጣ ያለ ፍትፍት አቀረበላት። ሳሪት ከመቅመሷ በፊት ሰሊጥ አለበት ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም፣

«አይዞሽ እህቴ፣ የጾም ነው፤ ምንም የለበትም» አላት።

ልጁ አልዋሸም። እኛ አገር የጾም ምግብ ምን አለበት ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄው ስለ ቅቤ ነው፤ እሱም ስለ ቅቤው እውነቱን መሰከረ። እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለና በደብተሬ እንዳለ አሰፍረዋለሁ። አጠገቧ ተቀምጫለሁ፣ ፍትፍቱንም አይቻለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ ውስጥ ስለኖርሁ ሽታው ከልብሴ ይምጣ ከሳህኑ አልለይም፤ ቀምሼ ልነግራት ይገባኝ ነበር፣ አልቀመስሁም። ሁለት ጉርሻ በልታ እጇን ሰበሰበች።

4ኛ. ስለ ቁልፍ አያያዛችሁ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ረዘም ይላል። በዚያ ሰዓት መርከቧ ሴት ከማይገባባት ደሴት ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ወንዶቹ ሊሳለሙ በጀልባ ሄደዋል፤ እኛ ሴቶቹ እንደ ሥርዓቱ መርከቧ ላይ ቀርተናል። በሥርዓቱ ቅሬታ የለኝም፣ ተወልጄ ያደግሁበት ነው። መነኮሳቱ ሴት አትግባ አሉ እንጂ ቁልፍ ይግባልን አላሉም። አብረውን የተሳፈሩት አያ ቢሻው ግን የሣጥኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አስረውት፣ ሳያወልቁ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። የእናንተ ቁልፍ በዚያን ዕለት ከሁላችን በላይ ተባርኳል።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ የሳሪት ከንፈር አበጠ፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ይሰማ ጀመር። ካፒቴኑ ጥሩንባውን ነፋ። ወንዶቹ ኋላ እንደነገሩን ጥሩንባው የምሳ መስሏቸው፣ ጸሎቱ ሳያልቅ ምነው ተቻኮሉ ብለው ታዝበዋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ዓይን ነው፣ ቡዳ በልቷታል አለችና ጤና አዳም ትፈልግ ጀመር። እኔ ካፒቴኑን ሣጥኑን ስበርልኝ አልሁት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ግንባሩን አልቦት ነበር። እንዲህ አለኝ፦

«ቁልፉ የአያ ቢሻው ነው። እሳቸው ሳይመጡ ሣጥኑን የሚነካ የለም፤ ከሥራዬ እባረራለሁ።»

የእሱን መልስ በደብተሬ አልጻፍሁትም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ወጥ ቤት ገብቼ ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን አነሳሁ። ቁልፋችሁ በአራተኛው ምት ወደቀ። ሰሊጡን የወቀጠው ዘነዘና ቁልፉንም ወቅጦታልና፣ በአንድ ዕቃ ሁለት ሥራ በመሥራታችሁ የወጥ ቤታችሁን ቁጠባ አደንቃለሁ። እጄን በሐይቁ ውኃ ታጠብሁ፣ ደብተሬን ገልጬ ያስተማረችኝን አነበብሁ፣ ክዳኑን ነቅዬ ጭኗ ላይ ተጫንሁ፣ እስከ ሦስት ቆጠርሁ። ሰዓቱ ስድስት ከአርባ ስድስት ነበር። ሁለተኛይቱን ብዕር ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ፊቷን ፊቷን እያየሁ ጠበቅሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፉጨቱ ቀነሰና ውኃ ጠየቀችኝ።

አያ ቢሻው የተመለሱት ሰባት ከሃያ ላይ ነው። መጀመሪያ ያዩት የተሰበረውን ቁልፍ ነው፤ ቀጥለው ሳሪትን አዩ። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷትና እስከ ጎርጎራ ድረስ በሸሚዝ ብቻ ብርድ እየመታቸው ተቀመጡ። ከማኅበርዎ ሠራተኞች መካከል ቁልፍ ከሰው እንደሚያንስ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸውና ደመወዝ ሲጨምሩ ያስቧቸው።

5ኛ. በመጨረሻም ስለ ኤግዚቢት ክፍላችሁ አመሰግናለሁ። ጎርጎራ ስንደርስ ሳሪትን ደግፈን ወደ መኪና ስናስገባ፣ የወደቡ ተቆጣጣሪ ቁጥሯን ልመዝግብ፣ አንዲት ደቂቃ ብቻ ብሎ ያልተነካችውን ብዕር ከእጄ ተቀበለኝ። ያቺ ደቂቃ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሞላት።

ሐኪሙ ሳሪትን ሆስፒታል አሳድሯት፣ ጠዋት ልወስዳት ስሄድ ከንፈሯ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ስለ ዓይኑና ስለ ጤና አዳሙ ነገርኋት። ስቃ ስቃ ሳል ያዛት። ከዚያም፣

«እትዬ ሸዋ፣ በእናቴ ጊዜ ሰው በሉ የምንባለው እኛ ነበርን። ዛሬ እኔን ማን በላኝ ይባል?» አለችኝ።

እናቷን በዚያ ስም የጠሩት የእኔው የአገሬ ሰዎች ናቸው። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ፤ በሐይቅ ንፋስ ብለው እንዳይመልሱልኝ ብቻ እለምናለሁ።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህ ነው። በጎንደር ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አዳርሻለሁ። መድኃኒቱ በሆስፒታል በብልቃጥ አለ፤ በቦርሳ የሚያዘው ብዕር ግን የትም የለም። ሳሪት ከዚያን ቀን ወዲህ ከእህቴ ቤት አልወጣችም፤ የምትበላው በፊቷ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ብቻ ነው። የእናቷ መንደር ሰዎች ድግስ ደግሰው ሁለት ጊዜ ልከውባታል። የቀረበላትን እምቢ ብትል ንቀት፣ ብትቀምስ ሞት ሊሆንባት ስለሚችል አልሄደችም። አውሮፕላኗ የካቲት 3 ቀን ይነሣል፤ ብዕር ሳትይዝ እንዳትሳፈር ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። እዚያ ላይ እኔ የለሁም፣ ዘነዘናም የለም።

ስለዚህ ኤግዚቢቷ እስከ ሐሙስ ጥር 28 ቀን ድረስ ፀዳ፣ እህቴ ቤት እንድትደርስ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመርከቡ የማይወርድ ቁልፍና በቅጹ ላይ ሦስተኛ ሳጥን ቢጨመርልንም አይከፋን። ፊርማችንን በተመለከተ፣ የሐይቁ ንፋስ ቀርቦ ጥፋቱን ካመነ እኛ በምስክርነት ለመፈረም ዝግጁ ነን።

ትንፋሽዎ ከአፍንጫዎ፣ ቁልፍዎ ከሣጥንዎ፣ እንግዳዎም ከነነፍሷ ከመርከብዎ እንዳይለዩ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎ ከወገቤ፣ ለአያ ቢሻው ጋቢ ግን እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ሸዋአየሁ ገብረ ኪዳን
የቅባት እህል ነጋዴ

(ደብዳቤዬ ከወረቀት እንዲቆጠርልኝ የሱቄን ክብ ማኅተም ሦስት ቦታ አትሜበታለሁ።)

ማስታወሻ፦ ከሐኪም ቤት ስመለስ ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ ጥር 3 ቀን ላይ ደረስሁ። ለመርከብዎ ወጥ ቤት አንድ ኩንታል የተበጠረ ሰሊጥ የተጫነው ከእኔ ሱቅ ነው። ሳሪትን የበላት ሰሊጥ የእኔ ነበር። ይህን ራሴ ሄጄ ነገርኋት፤ ታዲያ ሸጋ ሰሊጥ ነው፣ ሁለት ጉርሻ በቃኝ አለችኝ። እኔ ግን አልበቃኝም። ዛሬ የነነዌ ጾም ገብቷል፤ ዐቢይ ጾምም በሁለት ሳምንት ይገባልና መርከብዎ በጾመኛ እንደሚሞላ አውቃለሁ። በቅዳሜ ገበያ የምንገኝ የሰሊጥ፣ የኑግ፣ የሱፍና የተልባ ነጋዴዎች ትናንት ተነጋግረን፣ ብዕሯ እስክትመለስ ድረስ ለወጥ ቤትዎ አንዲት ፍሬ ላንሸጥ ተስማምተናል። አስተናጋጅዎ ስለ ወጡ ሲጠየቅ ከእንግዲህ ያለ ሐሳብ እውነቱን መናገር ይችላል፤ የጾም ነው፤ ምንም የለበትም።