አሥራ ሰባት ቁጥር ክራር

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ዓምሃ፤

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ እንድጀምር እንደማትጠብቅ አውቃለሁ፤ አልጀምርምም። ጤናህን ግን እጠይቃለሁ፤ እናቴ ያለ ሰላምታ የሚጀመር ደብዳቤ የባለጌ ነው ትል ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ስልኬን ስለማታነሳ ነው የምጽፈው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ባለሱቁ አብዱልሰላም ነው፤ ቡና ሊጭን ጅማ ይመጣል። እሱ ፊት ቀዳደህ እንዳትጥለው፤ ሰውየው ወሬ አያድርበትም፣ እስከ ሽሮ ሜዳ ይሰማል።

ዋናውን ልንገርህና ይውጣልኝ። አሥራ ሰባት ቁጥር ክራር ተገኘ። አልሸጥከውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለምትጫወትበት ምግብ ቤትም አልሰጠኸውም። ይህን ስጽፍ ፊቴን ብታየው ደስ ይልህ ነበር፤ እንኳን አላየኸው።

ትናንት ጠዋት ልጆቹ ከሰልፍ ወደ ክፍል ሲገቡ ንብረት ክፍል ተቀምጬ የተሰበሩ ወንበሮች ስመዘግብ አንዲት እናት ገቡ። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ጋቢውን ሲፈቱት፣ አንተ ቀይ የጥለት ክር ያሰርክበት፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ክራር ወጣ። እማማ ኢትዮጵያ ይባላሉ፤ የአምስተኛ ክፍሏ የሮሐ አያት ናቸው።

«ልጅቷ በቅበላ ይዛው መጣች» አሉኝ። «በሁዳዴ ቤቴ ክራር አይገባም ብዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ለፋሲካ አወጣላታለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ልጅቷን ለአክስቷ ትቼ እንጦጦ ጠበል ገባሁ፤ እዚያው ጠናብኝና ከረምኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። አሁን ደግሞ ይኸው የሰኔ ጾም ዛሬ ገባ። ምን በድሎ ነው ሁለተኛ ጾም ከእኔ ጋር የሚጾመው? እንቺ፣ ውሰጂልኝ።»

ሮሐን አስጠራኋት። ክራሩን ስታይ አለቀሰች። «እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ የወላጅ ፊርማ ካላመጣሽ አይሰጥሽም ብለው መለሱኝ» አለች። «አያቴ መፈረም አይችሉም፤ እግራቸውንም ያማቸው ነበር። ቲቸር ዓምሃ ሲያዩኝ ‹ነይ› ብለው ሰጡኝ። ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ ስላቸው ደግሞ ‹ለማንም እንዳትናገሪ፤ አያትሽ እስኪመለሱ እኔ አለሁ› አሉኝ።»

እኔ አለሁ! በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ይህቺን ቃል ለእኔ ብለሃት ታውቃለህ? ቧንቧው ሲፈነዳ የት ነበርክ? እናቴን ስቀብር እንኳ ግማሹን ሰዓት የአንዱን ልጅ ክራር ስትቃኝ ነው ያረፈድከው።

ደግሞ ትክክል ነበርኩ እንዳልል አትጠብቅ። ትክክል ነበርኩ። ንብረት ያለ ሞዴል 22፣ ያለ ወጪ ቅጽ፣ አይወጣም። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ የምጠየቅበት ግን እኔ ነኝ። አርባውን ክራር ያዋሰን የባህል ማዕከል አንድ ቢጎድል ሁሉንም እሰበስባለሁ ብሎ ሲያስፈርመን አጠገቤ ነበርክ። «ያልተነካ ክራር ማገዶ ነው» እያልክ የክፍሉን በር ከፍተህ ትሄዳለህ፤ ቁልፍ ይዤ ከኋላህ የምሮጠው እኔ ነኝ። ሌባ ቢገባ ለሌባው ማን ሊቃኝለት ነበር?

ከፋሲካ በኋላ ስንቆጥር ሰላሳ ዘጠኝ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ፊት «የት ሄደ?» ሲልህ ወለሉን አየህ። አላውቅም ብትል ምን ነበረበት? ጠፋብኝ ብትልስ? ዝም አልክ። እኔም ወረቀት አውጥቼ «ንብረቱን ያለ ፊርማ ያወጣው ባለቤቴ መምህር ዓምሃ ነው፤ ለግል ጥቅሙ አውሎታል ብዬ አምናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አነበብከው። ጠረጴዛው ላይ መልሰህ አስቀመጥከው። ቤት ስገባ ልብስህ የለም፤ ወንድምህ አክሊል ዘንድ ጅማ እንደሄድክ የሰማሁት ከሰው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉኝ ሰማሁ። ይበሉ።

አሁን ስለ ክፍልህ ልንገርህና ተናደድ። የስፖርቱ አስተማሪ ኪሩ ተተክቶልሃል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ክራር በየት በኩል እንደሚያዝ ልጆቹ ናቸው ያሳዩት። አንተ እጅህን ስትዘረጋ አርባው ልጅ መዳፉን ክሮቹ ላይ ጭኖ ጸጥ ይል አልነበር? ኪሩ ፊሽካ ይነፋል። ሲነፋ ግማሹ ያቆማል፣ ግማሹ ጨዋታ ተጀመረ ብሎ ይነሳል። የፊተኛው ረድፍ ካንተ ክራር ተቃኝቶ ለኋለኛው ማቀበሉም ቀርቷል። አንዱ ትዝታ ሲል ሌላው ባቲ ይላል፤ የቀረው ምን እንደሚል እግዚአብሔር ይወቀው። በግድግዳው እሰማለሁ። ጆሮ የለሽም ትለኝ ነበር፤ ይኸው ጆሮ አበጀሁልህ፣ ሥቃዩም አብሮ መጣ።

አርብ ሰኔ 13፣ የሚካኤል ማግሥት፣ ከባህል ማዕከሉ ሰዎች ይመጣሉ። አርባው ልጅ አንድ ላይ አንድ ዜማ ከተጫወተ ክራሮቹ ለከርሞም ይቆዩልናል። ካልተጫወተ በዚያው ቀን መኪና ላይ ጭነው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጧቸዋል። ኪሩ ራሱ «እባክሽ ባልሽን ጥሪው፣ እኔ ወደ ኳሴ ልመለስ» አለኝ። እየጠራሁህ አይደለም። ያለውን ነገር ነው የምነግርህ።

ዛሬ ጠዋት በዚያው ስብሰባ ክፍል፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ቆሜ ሌላ ወረቀት አነበብኩ። የመጀመሪያውን እኔ ጻፍኩት፣ ውሸት ነበር፣ አንስቼዋለሁ አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ቦታህ እንዳለ ነው ብሏል፤ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አብሬ ልኬልሃለሁ። ማንም አልሳቀብኝም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ከትናንት ጀምሮ አልተወኝም። ለሌላው ዝም በል፤ ለእኔ፣ ለሚስትህ፣ ለምን አልነገርከኝም? ልሰድብህ ነበር ይህን ጥያቄ የጀመርኩት። ከዚያ መልሱ መጣብኝ። ብትነግረኝ የልጅቷን ስም እጽፈው ነበር፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው እስክሪብቶ። ታውቀኛለህ። አውቀኸኝ ነው ዝም ያልከው። ሌባ ተብለህ መሄድህን ይቅር ልልህ እችላለሁ፤ እንዲህ አድርገህ ማወቅህን ግን ገና አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ሮሐ ንብረት ክፍል መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልጠየቀችኝም። አሥራ ሰባት ቁጥርን አወረድኩላት፤ ሞዴሉንም በደንቡ ሞላሁት። «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እኔው ፈረምኩ። ክራሩ የሰኔን ጾም እኛ ቤት ያሳልፋል፤ እየመጣሽ እዚያ ተለማመጂ አልኳት። ክራሩ ብዙ ተቆልፎ ክሮቹ ላልተዋል። ነካ ነካ አድርጋ «እትዬ ሙሉ፣ ማን ይቃኝልኛል?» አለችኝ።

«ቲቸር ዓምሃ ከአርብ በፊት ይመጣል» አልኳት።

ልጅ አታልዬ አላውቅም። ውሸታም የምታደርገኝ ወይም የማታደርገኝ አንተ ነህ። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ወዴት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። ለአክሊል ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

እንደ ልማዴ ከስሜ በታች «የንብረት ክፍል ኃላፊ» ብዬ ልጽፍ ነበር። ተውኩት።

ሙሉእመቤት