በየቤተክርስቲያኑ ደጅ የሚወርደው ሹፌር

ለእናቴ፣ ለእማ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለሞተ ሰው ደኅንነት አይጠየቅም ይላሉ፤ አንቺ ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብለሽኛልና እጠይቅሻለሁ። ተለይተሽኝ ከሄድሽ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ ደኅና ነኝ።

ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። ያለበሰው የእህቴ የጥሩነሽ ባል ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ጉድ ይላል። እኔ ግን ዝናብ ሲመታው ጆሮዬ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ስለዚህ ክረምቱን መኪና ውስጥ አደርሁ። የምን መኪና ትይኝ ይሆናል። ያ እልልታ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ጎተራ ሥር የሚገባው ልጅሽ፣ በዚህ ዕድሜው መኪና መንዳት ተማረልሽ!

የንፋስ መውጫው ነጋዴ አቶ አያሌው የእህል መኪና ገዛ፤ እኔ ጆንያ ጫኝ ሆንሁ። ሞተሩ ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እንደ ሰው ዛሬ ስቆ ነገ አያኮርፍም። ወደድሁት። ሹፌሩ ጋሼ ወልዱ የአስመራ ሰው ነው። ሸምግሏል፤ ወደ አገሩ መግባት ይፈልጋል። እኔን አይቶ፣ ይህ ሰው አይጠጣም፣ ወሬ አያበዛም፣ የነገሩትን አይረሳም ብሎ መንዳት ያስተምረኝ ጀመር። ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ማርሹም ሕግ አላቸው። የሰው ፊት ማንበብ ሲያቅተኝ አንቺም ሕግ በሕግ እየሰጠሽኝ አይደል ያሳደግሽኝ? ዘመድ ሁሉ ዛር አለበት ብሎ ከፀበል ፀበል ሲያንከራትተን፣ በቃ፣ ልጄ የተፈጠረው እንዲህ ነው ብለሽ ይዘሽኝ የተመለስሽ ቀን ትዝ ይለኛል። መንገዱን ሙሉ ዝም አልን። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያስቸገረኝ ያንቺው ሕግ ነው። በቅሎ ላይ ሆነህ ቤተክርስቲያን ብታይ ውረድና ተሳለም፣ ሽማግሌ ብታገኝም ውረድና እጅ ንሣ ብለሽኝ የለ? እኔም ከመኪናው እየወረድሁ እጅ ነሣሁ። አንድ ዓርብ ወደ አርብ ገበያ ስንሄድ መንገዱ በሽማግሌ ተሞልቷል። ስወርድላቸው ውጡ ያልኋቸው መስሏቸው እየመረቁኝ ጭነቱ ላይ ወጡ። ገበያ ስንደርስ ከገብሱ ሽማግሌው በዝቶ ነበር። ጋሼ ወልዱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

የመንጃ ፈቃዱ ፈተና ግን ጎንደር ሆነ፤ አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ! ገና በመጀመሪያዋ ደጅ መኪናውን አቁሜ ወርጄ ስሳለም ፈታኙ ብቻውን ተቀምጦ ቀረ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ “አንተ ሰው፣ ትነዳለህ ወይስ ትሳለማለህ?” አለና ጣለኝ። አቶ አያሌውም ከፋሲካ በኋላ ደግመህ ከወደቅህ ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ አለኝ። እማ፣ ተጨነቅሁ። ጆንያ መሸከም አልጠላም፤ ግን መሪ ከያዝሁ ወዲያ ዓለም ቦታ ቦታውን ይዞልኝ ነበር።

የነፍስ አባታችን በልብህ ውረድ አሉኝ። በልብ እንዴት እንደሚወረድ ብጠይቃቸው ባርከው አሰናበቱኝ። ሕጉን የሰጠሽኝ አንቺ፣ የምትፈቺልኝም አንቺ፤ አንቺ ደግሞ የለሽም። ጾሙን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምሁና አንድ ነገር ገባኝ። አንቺ መኪና ሳታዪ ነው የሞትሽ። የሰጠሽኝ የበቅሎ ሕግ ነው። የመኪናውን ማውጣት የኔ ፈንታ ነው። በዕድሜዬ ሕግ አውጥቼ አላውቅምና ፈራሁ። ግን አወጣሁ፤ ለሽማግሌ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ቤተክርስቲያን ሳይ ደግሞ ቀስ ብዬ እየነዳሁ የክርስትና ስምሽን እጠራለሁ። ጋሼ ወልዱ አንገትህን ዝቅ ስታደርግ ዓይንህ ከመንገዱ እንዳይነሣ ብቻ አለኝ።

ሁለተኛው ፈተና ላይ የቆየኝ ያው ፈታኝ ነው። በየደጁ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም እያልሁ ነዳሁ። ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ናት፣ አርፋለች አልሁት። ዞር ብሎ አየኝ፤ ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ አላወቅሁም። ወደ መጨረሻዋ ቤተክርስቲያን ስንጠጋ ማርሽ ስቀይር ሳልጠራሽ ዘገየሁ። ፈታኙ ቆቡን አወለቀና ቀድሞኝ ስምሽን ጠራው። ፈቃዱንም ሰጠኝ።

እማ፣ ነገ ብቻዬን ገብስ ጭኜ ወደ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ። እስከዚያ ያለውን ደጅ ሁሉ በእግርሽ ተሳልመሽ ታውቂዋለሽ። በአንዱም ሳልጠራሽ አላልፍም።

ልጅሽ