ንግሥቲና አውሮፕላኑ

ለልጄ ለኣብርሀት፣

ማርያም ከሞስኮ ብርድ ትሰውርሽ። የቀበሌ ስብሰባና የስኳር ሰልፍ ጉልበቴን ጨረሱት እንጂ ደህና ነኝ።

ልጅሽ ንግሥቲ ግን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች እየነከሰች መከራዬን አሳየችኝ። አስተማሪዋ የሺአረግ ሳትቆጣ ተከታተለቻት፤ ለካ የምትነክሰው አውሮፕላን ሲያልፍ እጃቸውን የሚያውለበልቡትን ነው! «እናቷ ምን ብላት ሄደች?» አለችኝ። ቦሌ ስንሸኝሽ «ከረሜላ ገዝቼ መጣሁ» ብለሻት ሹልክ ብለሽ እንደሄድሽ ነገርኳት። አልቅሳ እንዳታስለቅስሽ ብለን ነበር።

አሁን አውሮፕላን ሲመጣ የሺአረግ እጇን ይዛ አብራት ትቆማለች፤ ንክሻው ቀነስ ብሏል። ትምህርትሽ ረጅም መሆኑን ብነግራት እኔን አላመነችኝም። እባክሽ አንቺው እውነቱን ጻፊላት።

ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን። ከረሜላ ግን እንዳትልኪ፤ ካየችው መጥተሻል ብላ ስትፈልግሽ ትውላለች።

እናትሽ ለተብርሃን