ሾላው ኩርባ ላይ ስትደርስ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2010

ዛሬም እዚያው ቦታ። ባሌ ደሳለኝ ከሞጣ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ምን ሆንህ ስለው "ቆመችብኝ" ብቻ አለ። የት ብዬ አልጠየቅሁም። ሾላው ኩርባ ላይ ነው እንጂ ሌላ የት ይሆናል!

ሚኒባሷ ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ናት። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄድ፣ ሾላው ጋ ያለውን ዳገት ስትጠመዘዝ ጉልበቷን ታጣለች። ሞተሩ አይጠፋም፤ ይተነፍሳል። ግን ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም አትሰማውም። ቢጫዋ መብራት ትበራለች። አጥፍቶ ትንሽ ቆይቶ ሲያስነሳት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትሄዳለች። ሲመለስ፣ ቁልቁለቱን፣ አንድ ቀን እንኳ አድርጋው አታውቅም።

የዛሬው ግን ለጉድ ነው። ሚኒባሷ ጢም ብላ ሞልታ ነበር። ጉልበቷ ሲከዳት ጠጠሩ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። አንድ ተሳፋሪ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ባያስገባ፣ አሁን ይህን አልጽፍም ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ነው የቆመችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ይበልጣል የሞተው እዚያ ነው፤ የደሳለኝ ታላቅ ወንድም። መኪናዋም የሱ ነበረች። ጎማ ሊቀይር ወርዶ ሳለ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ከላይ መጣበት። መኪናዋን አልነካትም፤ እሱን ብቻ።

አገሩ የሚለውን አውቃለሁ። "ወንድሙ ነው የሚያስቆመው" ነው የሚሉት። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስዳብስ ነው የምውለው። የሞተ ሰው ሽቦ አይነካም። ይህን ለደሳለኝ ብነግረው "አንቺ እዚያ አልነበርሽም" አለኝ። እግሩን ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው ሰው ያለ ይመስለዋል።

ለኅዳር ሚካኤል ሰው ሊጭን ቃል ገብቷል። እናቱም በዚያ ቀን አብረው ይሄዳሉ። ብትቀር ምናለ ብዬ ለመንሁት። "ቃሌን አልበላም" አለ። የነሱ ቤት ሰው ግትርነት!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

መኪናዋን ግቢ ውስጥ አስቁሜ ዋልሁ። ደሳለኝ ሥራ ፈትቶ ከኋላዬ ሲንጎራደድ ዝንብ ሆነብኝ።

በድሮ መኪና ከእግር እስከ ሞተር የሚሄድ የብረት ገመድ አለ፤ ሲረገጥ ይስባል፣ አለቀ። የዚች ግን ነገሯ በሽቦ ነው። ፔዳሉ ላይ ያለው መሣሪያ "ይህን ያህል ተረግጫለሁ" ብሎ በሁለት ሽቦ ይናገራል። ኮምፒውተሯ የሁለቱን ቃል ታመሳክርና ሞተሩ አፍ ላይ ያለውን የአየር በር ትከፍታለች። ሁለቱ ምስክሮች ከተለያዩ ግን ሾፌሩን አታምነውም። በሩን ትዘጋበታለች።

ስለዚህ የምጠረጥረው፦ የአየር በሩ። ፔዳሉ። ሽቦው። ሶኬቱ። ከነዚህ አንዱ ነው፣ አምስተኛ የለም።

የአየር በሩን ፈትቼ አጠብሁ። ጥቀርሻው ጉድ ያሰኛል። ከዚያ ወደ ፔዳሉ ጎነበስሁ። እዚያ ደግሞ የእማማ ክታብ አለ። እማማ ጥሩዬ፣ የደሳለኝ እናት፣ የይበልጣል ሙት ዓመት እንዳለፈ በመስከረም ያሰሩት ነው። በጥቁር ጨርቅ የተሰፋ፣ ቡጢ የሚያህል፣ ከመሪው ሥር ካለው የሽቦ እስር ላይ በክር ተንጠልጥሏል። የሰው ክታብ አይነካም። ያሰረው ካልፈታው፣ ለነካውም ለታሰረለትም አይበጅም ይላሉ። እኔ አላምንበትም። አላምንበትም ግን በእጄ አልነካሁትም። በእንጨት ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ገፋሁና፣ እንዳያስቸግረኝ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሸጎጥሁት።

ፔዳሉን ለካሁ። ንጹሕ። ሁለቱ ምስክሮች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሽቦውን ወዘወዝሁ፣ ሶኬቱን ነካካሁ። ምንም! ስጨርስ ክታቡን እንደ ነበረው አወረድሁት።

እማማ በራፍ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ። ዕቃዬን ስሰበስብ "ምንም አልተናገረም?" አሉኝ።

"ማን?" አልኋቸው።

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

አብሬው ሄድሁ። ጋቢና ተቀምጬ፣ የመለኪያዬን ሽቦዎች ከፔዳሉ ጋር አያይዤ፣ ቁጥሩን ጭኔ ላይ እያየሁ። ክታቡን ትናንት እንዳደረግሁት ሸጉጬዋለሁ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ዳገቱ ስንቃረብ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። ሲያወራ የነበረ ነጋዴ እንኳ ቃሉን ሳይጨርስ አቆመ። ጉም ወርዶ ሾላው የሚታየው እስከ ወገቡ ብቻ ነው። ደሳለኝ አማተበ። አንዲት ሴት ከኋላ "በስመ አብ" ስትል ሰማሁ። እኔም፣ ልዋሽ አይደለም፣ ቁጥሩን ትቼ ወደ ሾላው ነበር የማየው።

አለፍን። ሽቅቡን ሽው ብላ ወጣች።

ደሳለኝ ግንባሩን ጠረገና "ላንቺ አፍሮ ነው" አለኝ። ልስቅ ብዬ ፊቱን ሳየው ተውሁት። ቀልዱን አይደለም።

ሞጣ ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ የመኪና ኮምፒውተር ማንበቢያ ያለው እሱ ነው። ሰካው። "የፔዳሉ ሁለቱ ቃል አይገናኝም ነው የሚለው" አለኝ። "ፔዳሉ ደህና ነው፣ ለክቼዋለሁ" አልሁት። "ቆማ ነው የለካሻት። በሽታው ሲነሣባት ነው የሚለካው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።" ከዚያ ደግሞ አለሳለሰና "ወይ ደግሞ እኅቴ፣ ያንን ቦታ ዱዓ አስደርጉበት" አለ። እሱም ሰምቷል። አንተም! አልሁት በሆዴ።

ማታ ቤት ስንገባ ሽቦዎቼን ነቃቅዬ ክታቡን ወደ ቦታው መለስሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ብቻውን ሄደ። ቆመችበት።

በስልክ ነው የነገረኝ፣ እዚያው ኩርባው ላይ ሆኖ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይጮኻል። "ወርጄ ሾላው ሥር ቁጭ ብያለሁ" አለኝ። ምን ታደርጋለህ ብለው "ልጠይቀው" አለ።

ስልኩን ዘጋሁት።  ባሌ ከሙት ጋር ሊያወራ ተቀምጦ እኔ ሽቦ እቆጥራለሁ።

ደግሞ አሰብሁት፦ እኔ ስኖር አትቆምም፣ እኔ ስቀር ትቆማለች። ለምን? ያፈረልኝ ይበልጣል ነው? አውቀዋለሁ፤ እሱ አፍሮ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረው። የሠርጌ ዕለት እንኳ ሲያበሽቀኝ ነው የዋለው።

አንድ ያደረግሁት ነገር አለ። ምን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8



ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ ከፊት ለፊት ኮፈኑን ከፍቼ የአየር በሩን እያየሁ ነበር። ደሳለኝ ውኃ ሊያመጣ ወጥቷል። መኪናዋ ውስጥ ማንም የለም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል። ድንገት ጉርር! ብሎ ከፍ አለ። አየር በሩ ዓይኔ እያየ ተከፈተ። ማንም አልረገጠም! ወዲያው ደግሞ ወረደ። ከዚያ የሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ከመኪናዋ ውስጥ፣ በሹክሹክታ።

"ይበልጣል፣ ደህና አደርህ ልጄ?"

ጉርር አለ ሞተሩ።

 መፍቻው ከእጄ ወድቆ ሞተሩ ውስጥ ገባ። እመቤቴ ማርያም ድረሽ እያልሁ በጎን ዞሬ ባይ፣ እማማ ጥሩዬ ናቸው። የሾፌሩን በር ከፍተው፣ ከመሪው ሥር አንገታቸውን ቀብረው፣ ክታቡን በመዳፋቸው ይዘው ያሻሹታል። እግራቸው መሬት ላይ ነው። ፔዳሉን አልነኩትም።

"ይመልስልኛል እኮ" አሉኝ። ፊታቸው እንባ ብቻ ነበር። "ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ እመጣለሁ። ይመልስልኛል።"

ቆሜ አየኋቸው። ክታቡን ወደ ታች ሳብ አደረጉት፣ ጉርር። ሳብ፣ ጉርር። ከዚያ ቢጫዋ መብራት በራች፣ ሞተሩ ሟሸሸ።

ያኔ ገባኝ። ማክሰኞ ሸጉጬው ነበር። ረቡዕም። እኔ ስኖር ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው፤ እኔ ስቀር ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። አይ እኔ! አላምንም ባይዋ! በገዛ ፍርሃቴ በሽታውን እየሸሸግሁ ለካሁ፣ እንደገና መልሼ አንጠለጠልሁት። ባልነካው ነውር፣ ብነካው ነውር ብዬ በእንጨት!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

እማማን ክታቡን ለማስፈታት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ደሳለኝ "እኔ አልልም፣ አንቺ በያቸው" ብሎ ከግቢ ወጣ። ጀግናው!

ሽቦው ያሰሩበት ጋ ውስጡ ተበጥሷል። ላዩ ፕላስቲኩ ደህና ነው፤ ሲለቀቅ ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፣ ወደ ታች ሲሳብ ይለያያል። ሲለያይ ኮምፒውተሯ መጀመሪያ የተረገጠ ይመስላትና በሩን ትከፍታለች፣ ምስክሮቹ እንደማይስማሙ ስታውቅ ደግሞ ትዘጋዋለች። ክብደቱ ነው ከመስከረም ጀምሮ የበላው። ወደ ጎን ስወዘውዘው ያልነቃሁበትም ለዚህ ነው።

"እማማ፣ ሾላው ኩርባ ላይ ሽቅቡን ስትዞር መኪናዋ ወደዚህ ጎን ትጋደላለች። ያኔ ይህ ይወዛወዝና ሽቦውን ይጎትታል" አልኋቸው።

"ይጎትታል?"

"አዎ እማማ፣ ይጎትታል።"

"እኮ! እኔስ ምን አልሁ!"

ምን ይባላል። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የምንለው። ዞሬ ተንበረከክሁና እግራቸውን ያዝሁ። "ማክሰኞ ደሳለኝ እርስዎን ጭኖ፣ ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ሊወጣ ነው። ሰኞ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው የቆመ። አልነገረዎትም እንጂ። እሱንም እንደ ይበልጣል ማጣት ከፈለጉ ይተዉት።" ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። ግን አልሁት።

እማማ ብድግ አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ስፌቱንም ተረተሩት። ጸሎት የተጻፈበት ብራና መስሎኝ ነበር። ድንጋይ ነው። ወንዝ ያላለሰለሰው፣ ጠርዙ የሰላ ጥቁር ድንጋይ።

"የወደቀበት ነው" አሉኝ። "ሙት ዓመቱን ስናወጣ ከዚያ አነሣሁት። ብቻውን ዳገት ላይ ምን ይሠራል? ከወንድሙ ጋር ይመላለስ ብዬ ነው።"

ወዲያ ዞሬ አለቀስሁ። ከዚያ ሽቦውን ቆርጬ በአዲስ ቀጠልሁት፣ በየድሁት፣ ጠቀለልሁት። ሠራተኛ ማልቀሻ ጊዜ የለውም።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ወጣን። ድንጋዩን እማማ ጉያቸው ውስጥ ይዘውታል። ሾላው ሥር፣ ሁለት ሥሮች በሚገናኙበት ጎድጓዳ፣ በእጃቸው አስቀመጡት። የነገሩትን አልሰማሁም፣ ራቅ ብዬ ነበር።

ደሳለኝ ዳገቱን ወረደና እንደገና ወጣው። ደጋግሞ። አልቆመችም። ነፋሱም ዝም ብሎ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሄድን። መኪናዋ በሰው ሞልታ መተንፈሻ የላትም። እማማ ከደሳለኝ ኋላ ተቀምጠዋል። ኩርባው ጋ ስንደርስ ሁሉም እንደ ልማዱ ዝም አለ። እኔ የሞተሩን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ጥርሴን ነክሻለሁ። ጠመዘዘ። ተጋደለች። ረገጠው። ወጣች!

አንዷ እልል አለች። ደሳለኝ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"አለፍን?" አሉ እማማ ከኋላ።

"አለፍን እማዬ።"

"ሳይቆም?"

ደሳለኝ ማርሹን ቀየረ። እማማ እስከ ሞጣ ፊታቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ ሾላው አዙረው ሄዱ። ለካ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ልጃቸው ከልጃቸው ጋር ቆሞ የሚያወራ ነበር የሚመስላቸው። እኔ ጥገና ያልሁት ለሳቸው ሁለተኛ ሞት ነው። ይህን ሳስበው የበዓሉ ምግብ አልወረደልኝም።

ስንመለስ፣ ቁልቁለቱን፣ አንድም ቀን ቆማ በማታውቅበት በኩል፣ ደሳለኝ ሾላው ጋ ሲደርስ ዳር ይዞ አቆማት። ሞተሩንም አጠፋ። ተሳፋሪው "ምን ሆነች ደግሞ?" ብሎ ተንጫጫ። "ጎማ ልይ ነው" አላቸው፣ ወርዶም ለእናቱ በሩን ከፈተላቸው። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሾላው ሄዱ። እኔም ተከተልሁ።

ጎድጓዳው ባዶ ነው። ድንጋዩ የለም።

ዙሪያውን ፈለግሁ። ዝናብ አልዘነበም። እረኛ ወስዶት ይሆናል፣ ዝንጀሮ ይሆናል፣ ድንጋይ ምን ይጠፋል እያልሁ ብዙ ለፈለፍሁ። ደሳለኝ ቆሞ ያየኛል። እማማ ግን ጎድጓዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና "ሄዷላ" አሉ። ከመስከረም ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ራሳቸው ቀድመው መኪናዋ ውስጥ ገቡ።

ቤት ስንደርስ ሁሉም ከገቡ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዤ ከመሪው ሥር ጎነበስሁ። የቀጠልሁት ሽቦ ደህና ነው። ሌላ ምንም አልተንጠለጠለም። ሽቦው ጥሩ ነው ብዬ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ፣ ባትሪውን አጥፍቼ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ እጄን ሰደድሁ። ያኔ በእንጨት የሸጎጥሁበት ድረስ፣ በባዶ እጄ። ባዶ ነው። በሩን ቆልፌ ገባሁ።