የሕያው ሰው የሕይወት ታሪክ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለእንድርያስ፣

በጌታ ሰላም እንዴት ነህ? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። አንተ “ደህና ነኝ” እንዳትለኝ፤ እሱን በስልክ ስትለኝ ከርመሃል። ስንደዋወል የቪዲዮውን ምስል ለምን እንደምታጠፋው ግን አንድም ቀን አልነገርከኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ይስማው የሚባል የቀድሞ ተማሪህ መጣ። ስለ ሥራህ መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ እኔን ግን ታውቀኛለህ፣ ጨዋነት ሲበዛ እጠረጥራለሁ። የት እንደተወለድክ፣ የት እንደተማርክ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ኢኮኖሚስቱ አንተ እንዴት ወደ ሶሲዮሎጂ እንደዞርክ ሲጠይቀኝ ሳቄ መጣ። እማዬን አዲስ አበባ ወስደህ የተሻለ ቤት ላኑርሽ ብትላት፣ “ቅሬዬን፣ እድርተኞቼን ጥዬ? ከቀባሪዎቼ ርቄማ አልኖርም” እንዳለችህ ነገርኩት። ተቆጥተህ ሄድክ። ስትመለስ ሌላ ትምህርት ጀምረህ፣ “ሰው የሚጠቅመውን ትቶ ለምን ይቀራል?” እያልክ የደሴንና የኮምቦልቻን እድርተኛ ስታዳርስ ከረምክ። በዚያው ዶክተር ሆንክ፤ በዚያው ባሕር ማዶ አስተማሪ ሆነህ ቀረህ።

እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ጉርድ ፎቶህን ጠየቀኝ። ቀጥሎ፣ “እትዬ፣ ፕሮፌሰር በጣም የሚወዱት መዝሙር የትኛው ነው?” አለኝ።

“ለኢኮኖሚስት መጽሐፍ መዝሙር ምን ያደርግለታል?” ስለው አቀርቅሮ ሻዩን ያማስል ጀመር። ስኳር እንኳ አልጨመረበትም። እንደወጣ ኮምቦልቻ አምባዬ ጋ ደወልኩ፣ አብሮህ መዘምራን ውስጥ የነበረው። እሱንም ጠይቆት ኖሯል።

እንድርያስ፣ እኛ አገር የሕይወት ታሪክ የሚነበበው የት እንደሆነ ጠፋህ? መዝሙርስ የሚመረጠው ለምን ቀን ነው? ፈርቻለሁ። ተናድጃለሁም። ለተማሪህ የነገርከውን ከእኔ የምትደብቅ ምን ዓይነት ወንድም ነህ?

አምባዬን ምንም እንዳትተነፍስ ብዬዋለሁ። ይስማው ሊሰናበተኝ ሲመጣ፣ ያን በየሰርጉ ሲጀመር ጥለህ የምትወጣውን መዝሙር ነገርኩት። አመስግኖ ጻፈው። እሱን ሲዘምሩብህ ዝም ብለህ የምትተኛ ከሆነ አያለሁ። ትክክለኛውን ከፈለግህ መጥተህ አብረን እንዘምረዋለን፤ አልጋህ ተነጥፏል። ይህን ደብዳቤም ነገ መንገድ ሲጀምር በይስማው እጅ እልክልሃለሁ። ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ።

የእማዬ አምላክ አቅም ይስጥህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ለእኔም ያቆይህ።

እህትህ ሙሉመቤት

እማዬ ካረፈች ወዲህ እድሯን በአንተ ስም አስቀጥያለሁ። ክፉ አስቤ አይደለም።