የጋሽ ጠመኔ የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከሐዲድ ቀያሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከባቡር መስመር አጠገብ፣ ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆ ሁሉ በሚንቀጠቀጥበት ቤት ስለሆነ ጸጥታ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀው በ1958 ዓ.ም. በዕቃ ፉርጎዎች ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ ፍሬን ፈታሽ ሆነው ለሠላሳ አራት ዓመታት በዚሁ ሥራ አገለገሉ። በገዛ እጃቸው ያልዳሰሱትን ፍሬን አያሳልፉም፤ ያሳለፉትን ፉርጎ በጠመኔ አንድ ሰረዝ ያሰምሩበታል። «ጋሽ ጠመኔ» የተባሉትም በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ የላላ ብሎን ባቡር አስቁመው አለቃቸው ሲቆጧቸው፣ «እርስዎ ይሳፈሩበትና ልልቀቀው» ማለታቸውን ባልደረቦቻቸው ዛሬም እየሳቁ ያነሳሉ።

በ1967 ዓ.ም. ቲኬት ሻጭ ከነበሩት እናታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ጡረታ ሲወጡ፣ ተበታትነው በካርቶን የሚሸጡ ትናንሽ የፉርጎ ሞዴሎችን መገጣጠም ጀመሩ። በምግብ ጠረጴዛው ጫፍ በወረንጦና በማጣበቂያ መሰላሉንና የበር እጀታውን እየተከሉ፣ እንዳትገለበጥም ከወለሏ ሥር ብረት እያስገቡ አርባ ፉርጎ ሠሩ። በእያንዳንዷ ላይ በሥራ ዘመናቸው የፈተሹትን የአንድ ፉርጎ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ስታልቅም እንደ ፀጉር የቀጠነች የጠመኔ ሰረዝ ያሰምሩባታል። ልናግዝ ስንቀርብ መልሳቸው «እጃችሁን ሰብስቡ» ነበር።

አርባ አንደኛዋ በፈታሽነታቸው የመጀመሪያ ቀን ያሳለፏት ፉርጎ ነበረች። ጀምረዋት ሳሉ በ2011 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሰላሏ ሦስት ጊዜ ተሰበረ፤ ካርቶኑም ስምንት ወር ተከድኖ ተቀመጠ። ሳይጨርሷት መቅረት እንደከበዳቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናታችንን «ነይ እስቲ፣ ወረንጦውን ያዢልኝ» አሏቸው። እርሳቸው በቃል እየመሩ፣ እናታችን እየተከሉ በአምስት ወር አለቀች።

እናታችን ግን ግድግዳው ላይ ካለው የእውነተኛዋ ፉርጎ ፎቶግራፍ ጋር ሲያስተያዩዋት፣ የእጅ ፍሬኑን መዘውር በተሳሳተው ጫፍ መትከላቸውን አዩ። «ልንቀለው» ቢሉ፣ አባታችን «ስትለጥፊው አይቻለሁ። ተይው፣ ይይዛል» አሉ። ጠመኔውንም በሁለት እጃቸው ይዘው ሰረዟን አሰመሩባት።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየጸናባቸው ሄዶ፣ መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ፉርጎዋ ከአስከሬናቸው ራስጌ ተቀምጣለች። ጠመኔው ስለሚለቅ በእጅ እንዳትነካ ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል።

እርሳቸው ፈትሸው ያሳለፉትን ሁሉ በሰላም ያደረሰ ፈጣሪ፣ የእርሳቸውንም ነፍስ በሰላም ያድርስ።